«ኤክስፕሌይን ሚ» ለሚላችሁ ሰው፦ እንግሊዝኛ ተማሪን እንዴት እንርዳ?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን ዘረጋልኝና «እስቲ ከመላኬ በፊት ይቺን እያት» አለኝ። አማርኛ ለማይሰማ ሰው የተጻፈች አንድ መስመር ናት፦ «አይ ኧም ኤክስፔክቲንግ ዩ ፎር ዋን አወር»። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሟል፣ ተናዷል። እኔም «ኤክስፔክቲንግ»ን ሰረዝኩ፣ ሌላውንም ነካ ነካ አደረግኩና «አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ ፎር ዩ ፎር አን አወር» ብዬ መለስኩለት። አመሰገነኝ፣ ላከ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ መልእክት ይዞ መጣ። ያቺው «ኤክስፔክቲንግ» እዚያው ቁጭ ብላለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ችግሩ እንግሊዝኛው ላይ አልነበረም፤ «ጠበቅኩህ» ላይ ነው። በር የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ፣ ጓደኛውን የሚጠብቅ ሰው፣ ሦስቱም በአማርኛ በአንድ ግሥ ያልፋሉ። እንግሊዝኛ ግን ለዘበኛው «ጋርድ»፣ ለተማሪው «ኤክስፔክት»፣ ለጓደኛው «ዌይት ፎር» ብሎ ይለያያቸዋል። ይህንን ቁጭ ብዬ ነገርኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያቺን ቃል ሁለተኛ አላረምኩለትም።

እንግሊዝኛችሁ ሻል ያለ ከሆነ መቼም «እይልኝ፣ አርምልኝ» የሚል አይጠፋም። አስተማሪ መሆን አይጠበቅባችሁም። ሁለቱንም ቋንቋ መስማታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው «ይሄ ትክክል አይደለም» ሊል ይችላል እንጂ ስህተቱ ከየት እንደመጣ አያይም። እናንተ ታያላችሁ። ከታች ያለው እኔ የምከተለው አካሄድ ነው። እንግሊዝኛውን በፊደላችን ስለጻፍኩት ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ጆሮ ብዙ ነገር ይይዛል።

1. እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት አማርኛውን ጠይቁ

«በአማርኛ ምን ልትል ነበር?» በሉት። ይቺ ጥያቄ ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች። ምክንያቱም አብዛኛው ስህተት ሥር ፍጹም ትክክል የሆነ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል።

«ኤክስፕሌይን ሚ» የሚለውን እንውሰድ። አማርኛው «አስረዳኝ» ነው። «ኝ» ግሡ ላይ ተለጥፋለች፣ ስለዚህ ሰውየው «ሚ»ን ግሡ ላይ ለጠፋት። እንግሊዝኛው ግን «ኤክስፕሌይን» ካለ በኋላ መጀመሪያ የሚብራራውን ነገር ይፈልጋል፦ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ»። «ሂ ሴይድ ሚ»ም የዚሁ ዘመድ ነው፤ «አለኝ» ነው ከሥሩ ያለው። እዚህ ጋ ሁለት መውጫ አለ፤ ወይ «ሂ ቶልድ ሚ»፣ ወይ «ሂ ሴይድ ቱ ሚ»። «ቴል» ማለት ነገረ፣ «ሴይ» ማለት አለ ነው ብላችሁ ካሰራችሁት ይገባዋል። የዚህ ቤተሰብ የመጨረሻው ልጅ «ዘ ማን ሁ አይ ሶው ሂም» ነው። «ያየሁት ሰው» ስንል «ት»ዋ ሰውየውን እንደገና ትጠቁማለች፣ ትክክልም ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ሁ» ሰውየውን ስለጠቆመ «ሂም» ትርፍ ነው። ሰርዙት።

ቀጥሎ ያሉት ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚል ሰው «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ኢሹ» ቢል ምን ይገርማል? «ስለ»ን አክብሮ ነው። ነገር ግን «ዲስከስ» «ስለ»ን ሆዱ ውስጥ ይዟታል፣ «ዊ ዲስከስድ ዘ ኢሹ» ይበቃል። አስቸጋሪው ነገር ስሙ ላይ «አባውት» ተመልሳ መምጣቷ ነው፦ «ኤ ዲስከሽን አባውት ዘ ኢሹ» ትክክል ነው። ተማሪው ይህንን አንብቦ ነው ግሡም ላይ የሚጨምራት። «ወደ ክፍሉ ገባ»ም እንዲሁ «ኢንተርድ ቱ ዘ ሩም» ይሆናል፤ «ቱ»ን አውጡ። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ደግሞ «ሜሪድ ዊዝ ኸር» ሆኖ ይመጣል፤ «ሂ ሜሪድ ኸር» ወይም «ሂ ኢዝ ሜሪድ ቱ ኸር» ነው።

«በ» ደግሞ ራሷን የቻለች ፈተና ናት። በሰኞ፣ በጠዋት፣ በሦስት ሰዓት፣ በጥር፣ ሁሉም በአንዷ «በ»። እንግሊዝኛ ለሰዓት «አት»፣ ለቀን «ኦን»፣ ለወርና ለዓመት «ኢን» ይላል። ከጠባብ ወደ ሰፊ ነው። ሰዓት ነጥብ ናት፣ ወር ሰፊ ነው። «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይባላል፣ «አት ናይት» ግን «አት» ነው። ለምን ብሎ ከጠየቃችሁ «እንዲሁ ነው» በሉት፣ አትፈላሰፉ።

«ቲቪውን ክፈተው» የሚል ሁሉ አንድ ቀን «ኦፕን ዘ ቲቪ» ማለቱ አይቀርም። «ተርን ኦን» አሳዩት፣ መዝጋቱንም «ተርን ኦፍ»። ከሁሉም የምወዳት ግን «መጣሁ» ናት። ከክፍሉ እየወጣን «መጣሁ!» እንላለን፣ ሲጠሩንም «መጣሁ!» እንላለን፣ በሁለቱም ጊዜ ገና አልመጣንም። ይህንን «አይ ኬም» ብሎ የተረጎመ ሰው እንግዳውን ግራ ያጋባዋል። ሲወጣ «አይል ቢ ራይት ባክ»፣ ሲጠራ «አይ ኧም ካሚንግ»።

2. አንዷን ብቻ ምረጡ

ይህንን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። አንዲት ዘመዴ በእንግሊዝኛ ማስታወሻ መጻፍ ጀምራ ነበር። እስቲ ላየው አልኩና ገጹን በቀይ ቀለም አጥለቀለቅኩት። ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። ወረቀቱን ተቀብላ «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር አላሳየችኝም፤ መጻፉንም ተወችው።

አሁን አንድ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ነው የምይዘው። የትኛውን? መጀመሪያ ትርጉም የሚለውጠውን። «እስክሪብቶህን አዋሰኝ» ለማለት «ባሮው ሚ ዩር ፔን» ያለ ሰው ነገሩን ገልብጦታል፣ እሱ ይቅደም። ከዚያ ደጋግሞ የሚመጣውን። «ሂ ጎ» ብሎ «ስ»ዋን የረሳ ሰው ንግግሩ ይገባል፤ ቆይቶ ይደርሳል።

ስለ «ኤ» እና «ዘ» አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከእነሱ ነው፣ ባይጀምር ይሻላል። ሙሉ በሙሉ እስኪስተካከሉ ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ። ለጊዜው የምትበቃ መያዣ አለች። በአማርኛ «መጽሐፉ» የምትሉት ነገር አብዛኛውን ጊዜ «ዘ ቡክ» ነው። ችግሩ «መጽሐፍ ገዛሁ» ላይ ነው። አማርኛ «መጽሐፍ»ን ባዶዋን ይለቃታል፣ አንድም ይሁን ሦስት። እንግሊዝኛ አይለቃትም፤ «አይ ቦት ቡክ» አይባልም። ወይ «ኤ ቡክ» ወይ «ቡክስ»። ይህንን ብቻ ካስያዛችሁት ለስድስት ወር በቂ ነው።

3. ሕጉን ተዉት፣ ጥንድ ዓረፍተ ነገር ስጡ

«ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለው...» ብላችሁ ስትጀምሩ የሰውየው ዓይን ይፈዛል። አውቀዋለሁ፣ የእኔም ይፈዛል። ይልቅ ሁለት ዓረፍተ ነገር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡለትና ልዩነቱን እሱ ይናገር።

አማርኛ እዚህ ጋ ጥሩ ድልድይ ሰጥቶናል። «በላሁ» እና «በልቻለሁ» የሚለውን ልዩነት ያለ አስተማሪ እናውቀዋለን። «በላሁ» ወደ «አይ ኤት»፣ «በልቻለሁ» ወደ «አይ ሃቭ ኢትን» ይጠጋል። ይጠጋል ነው ያልኩት፣ እኩል ነው አላልኩም። ድልድዩ ሁለት ቦታ ይሰበራል።

አንደኛው፣ እኛ «ትናንት ነግሬሃለሁ» እንላለን፣ ምንም አይከብደንም። እንግሊዝኛ ግን ያለቀ ጊዜ ከተጠራ «ሃቭ»ን አያስጠጋም። «የስተርደይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ኢን 2015» ካለ «አይ ቶልድ ዩ» ብቻ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል፣ ብዙ ሰው ደግሞ አላስተዋለውም። «በልቻለሁ»ን በአሉታ በሉት እስቲ። «አልበላሁም» ነው። «በላሁ»ንም በአሉታ በሉት። ያው «አልበላሁም»። አሉታው ላይ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ! ስለዚህ በአዎንታ ጎበዝ የሆነ ተማሪ አሉታው ላይ ይወድቃል፤ «ገና አልጨረስኩም» ለማለት «አይ ዲድንት ፊኒሽ የት» ይላል። ምልክቷ «ገና» ናት። በአማርኛው ውስጥ «ገና» ካለች «አይ ሃቨንት ፊኒሽድ የት» ይበል። አሜሪካኖች በንግግር «ዲድ ዩ ኢት የት?» ሲሉ ይሰማል፣ ተማሪያችሁ ያንን ይዞ ቢሟገታችሁ ልክ ነው፤ ሲጽፍ ግን «ሃቨንት» አያሳፍረውም።

«እሄዳለሁ»ም እንደዚሁ ብዙ ጫና ተሸክማለች። «ሁልጊዜ እሄዳለሁ» «አይ ጎ» ነው፣ «ነገ እሄዳለሁ» እንደ ሁኔታው «አይ ዊል ጎ» ወይም «አይ ኧም ጎይንግ» ነው። «መቼ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱ ቅርጹን ይነግረዋል።

«ለአምስት ዓመት» እና «ከ2015 ጀምሮ» ለ«ፎር» እና ለ«ሲንስ» ይበቃሉ። ርዝመት ከሆነ «ፎር»፣ መነሻ ከሆነ «ሲንስ»። ሥራውን አሁንም እየሠራ ከሆነ ግን «አይ ኧም ዎርኪንግ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ሳይሆን «አይ ሃቭ ቢን ዎርኪንግ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ነው። የባልደረባዬ የአንድ ሰዓት ጥበቃም ሁለተኛ ስህተቱ ይህ ነበር።

ሌሎች ሁለት ጥንዶች በፍጥነት። «ምንም እንኳ ቢደክመኝም ግን መጣሁ» በአማርኛ ያምራል፣ በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞ» ካለ «በት» አይኖርም፤ አንዱን ይምረጥ። «ምንም የለኝም»ም በእኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ ይክዳል፣ በመደበኛው እንግሊዝኛ አንዴ ይበቃል፤ «አይ ዶንት ሃቭ ኤኒቲንግ» ወይም «አይ ሃቭ ናቲንግ»።

4. ቃልን ብቻዋን አታስጠኑ

የቃላት ዝርዝር ይዞ የሚያጠና ሰው ሳይ አዝናለሁ። በስተግራ እንግሊዝኛ፣ በስተቀኝ አማርኛ። «ሎንግ» ማለት ረጅም። ከዚያ «ማይ ብራዘር ኢዝ ሎንግ» ይላል። ሰው «ቶል» ነው፣ መንገድ «ሎንግ» ነው፤ አማርኛ ለሁለቱም «ረጅም» ይላል። ስለዚህ ቃሏ ከነጓደኛዋ ትጻፍ፦ «ቶል ማን»፣ «ሎንግ ሮድ»።

«ሠራ» ደግሞ ለብቻው ገጽ ይሰጠው። ስህተት እንሠራለን፣ የቤት ሥራም እንሠራለን። እንግሊዝኛው «ሜክ ኤ ሚስቴክ» እና «ዱ ሆምወርክ» ነው። «ሜክ» የሚፈጠር ነገር ላይ፣ «ዱ» የሚከናወን ተግባር ላይ ይበዛል ይላሉ፤ ግማሽ መንገድ ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ልምድ ነው። ደብተሩን ለሁለት ከፍሎ ያገኘውን እየጨመረ ይሂድ።

አማርኛ የሚያግዝበት ቦታም አለ፣ እሱን አትርሱ። «ባሮው» እና «ሌንድ» ብዙ ሰው ያሳስታሉ፣ እኛ ግን ተዋሰ እና አዋሰ አሉን። «ባሮው» ተዋሰ፣ «ሌንድ» አዋሰ። «ባሮው ሚ» ያለ ሰው «ተዋሰኝ» እንዳለ ንገሩት፣ ስቆ አይረሳውም። ሌላ ደግሞ፦ «ስልኬ ሞተብኝ» ስንል «ብኝ» ጉዳቱ የእኔ ነው ትላለች። እንግሊዝኛም ይህቺን አላት፦ «ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ»። ያገኘኋት ቀን ደስ ብሎኝ ለሁለት ሰው ደወልኩ።

«ምክሮች» እና «መረጃዎች» እንላለንና «አድቫይስስ» እና «ኢንፎርሜሽንስ» ይመጣሉ። እነዚህ አይቆጠሩም። አንዷን ለመቁጠር «ኤ ፒስ ኦፍ አድቫይስ»።

5. ፈሊጥ ሲመጣ ቀስ በሉ

ተማሪ ፈሊጥ ይወዳል። የተማረ ያስመስላል። እኔ ግን ለመረዳት እንጂ ለመናገር ቶሎ አላበረታታም። አዲስ ፈሊጥ ይዞ ሲመጣ ትርጉሙን ብቻ አትንገሩት፤ ማን፣ ለማን፣ በምን ስሜት እንደሚለውም ንገሩት። «ኪክድ ዘ በኬት» ማለት ሞተ ነው፣ እውነት ነው። ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ «አረፉ» ማለት ሲገባው «ድፍት አሉ» እንደማለት ነው። «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አትጠፋም፣ በተራ ወሬ ግን «ኢትስ ፖሪንግ» ነው በብዛት የሚሰማው። «ብሬክ ኤ ሌግ» መድረክ ላይ ሊወጣ ላለ ሰው እንጂ ቀዶ ሕክምና ለሚገባ ሰው አይባልም!

ሁለተኛው ነገር፣ ፈሊጥ አይነካካም። «ሂ ኪክድ ዘ በኬት» ሲገለበጥና «ዘ በኬት ዋዝ ኪክድ» ሲሆን ሞቱ ቀርቶ እውነተኛ ባልዲ ይሆናል።

የእኛን ፈሊጥ ወደዚያ መውሰድም አለ። «ሆደ ሰፊ ነው» ለማለት «ሂ ሃዝ ኤ ዋይድ ስቶመክ» ብትሉ ሰውየው ስለ ውፍረት ያስባል፤ «ፔሸንት» በሉና እለፉ። አንዳንዴ ዕድል ይቀናል፣ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ከ«ተርንድ ኤ ዴፍ ኢር» ጋር ወንድማማች ናቸው።

ፈሊጥ ለመማር የቸኮለውን ሰው ይልቅ ግሥና ታናሽ ቃል ተጣምረው ወደሚሠሩት ውሰዱት። «ወረቀት አለቀብን» ለማለት «ዘ ፔፐር ኢዝ ፊኒሽድ» ሲል «ዊ ሃቭ ራን አውት ኦፍ ፔፐር» ስጡት። «ፑት ኦፍ» ማለት ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ፣ «ሉክ አፍተር» ማለት ተንከባከበ። በየቀኑ ይጠቅሙታል።

6. ካላወቃችሁ አትገምቱ፣ አብራችሁ ፈልጉ

«ቆይ እንየው» ማለት አያሳንስም። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ትርጉም ይሰጣል፣ አጠቃቀም ግን ብዙም አያሳይም። ለተማሪ ተብለው የተዘጋጁትን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። ሎንግማን የሚባለው አሳታሚ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ ትርጉሞቹን 2,000 ገደማ በሆኑ ቀላል ቃላት ነው የጻፈው፣ ስለዚህ ለጀማሪም ይነበባል። ከትርጉሙ ይልቅ ግን ምሳሌዎቹን ያንብብ። ስሙ አጠገብ «ሲ» ካለች ይቆጠራል፣ «ዩ» ካለች አይቆጠርም።

ኢንተርኔት ላይ ሐረጉን በትምህርተ ጥቅስ አድርጎ መፈለግ ይረዳል፣ ግን ብዛቱን አትመኑ። «ዲስከስ አባውት»ም በብዛት ይወጣል፤ እንደ እኛው ያሉ ተማሪዎች ናቸው የሚጽፉት። ማን እንደጻፈው እዩ። የሚያወራ ሮቦት (ቻትቦት) ካላችሁ ደግሞ ጽሑፉን በሙሉ አታሳርሙት፤ ንጹሕ ጽሑፍ ይመልስላችኋል፣ ተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ግን አንድ ነገር አይቀርም። «በዚህ ግሥ ሦስት ዓረፍተ ነገር ስጠኝ» በሉት።

ስህተት ያልሆነውን ስህተት ከማለትም ተጠንቀቁ። ዓረፍተ ነገር በ«ቱ» ወይም በ«ዊዝ» አያልቅም የሚሉ አሉ። ገጣሚው ጆን ድራይደን በ1672 እ.ኤ.አ. ይህንን ነቅፎ ጽፏል፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ አራሚ ደግሞታል፤ ሰዉ ግን «ሁ አር ዩ ቶኪንግ ቱ?» እያለ ነው የሚኖረው። ትክክል ነው፣ አትንኩት። «አት ዘ ዊኬንድ» እና «ኦን ዘ ዊኬንድ»ም የእንግሊዝና የአሜሪካ ልማድ ናቸው። አንዱን ይያዝ።

7. ሳምንት ቆይታችሁ በአፍ ጠይቁ

ያረማችሁትን ወረቀት መልሳችሁ አታሳዩት። አማርኛውን በሉትና በእንግሊዝኛ ይመልስ፣ ያለ ደብተር፣ እየሄዳችሁ፣ በወሬ መሃል። «አስረዳኝ» በሉት። «አልቆብኛል» በሉት። ካመነታ ዝም በሉ፤ አምስት ሰከንድ መታገስ ከባድ ነው፣ ግን ታገሱ።

እዚህ ደረጃ ላይ የምወደው ጥያቄ በአሉታ የሚጠየቀው ነው፣ ምክንያቱም በወረቀት አይታይም። «አልበላህም?» ስንባል እና ካልበላን «አዎ» እንላለን። አዎ፣ አልበላሁም። በእንግሊዝኛ መልሱ የሚከተለው ጥያቄውን ሳይሆን እውነታውን ነው፤ ካልበላችሁ «ኖ» ነው።

ባልደረባዬን በቀደም በዚህ ያዝኩት። አንድ የሰጠሁት ነገር ነበር፣ «ሃቨንት ዩ ፊኒሽድ ኢት?» አልኩት። ፈጠን ብሎ «የስ» አለ። ዝም ብዬ አየሁት። «ቆይ ቆይ» አለና «አዎ፣ አልጨረስኩም» ብሎ ለራሱ አጉተመተመ። ራሱን እያከከ ትንሽ ቆየ። «ኖ፣ አይ ሃቨንት» አለኝ።